ወረፋ የያዘ መርዶ

ጋሽ ሙሉሰው ማውዝ ይጠላ ነበር። ሰው አይጠላም፤ ሙቀት አይጠላም፤ በሐምሌ የሚነሳውንና የጅቡቲን ሕዝብ የሚያሳብደውን የአሸዋ ነፋስ እንኳ «መጣህ ደግሞ?» ብሎ ነው የሚቀበለው። ማውዝ ግን ጠረጴዛው ላይ ካየ በሁለት ጣቱ ጭራውን ያንጠለጥልና ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ወጥመድ ውስጥ የገባ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው።

ወደቡ አጠገብ ባለው የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነበር የሚቀመጠው። አባቱ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር የቀሩ ፍሬን ያዥ ነበሩ። እሱ ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። ፈረንሳይኛን ከትምህርት ቤት፣ ሶማሊኛን ከመንገድ፣ ዓረብኛን ከሱቅ፣ አማርኛን ከቤት አገኘ። ሲናደድ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳቸዋል።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ቴሌክስ መታ። በፈረንጆቹ 1998 ቴሌክሱ ጡረታ ሲወጣ አንድ ቴክኒሻን መጣና ከኋላው ክፍል ዩኒክስ የሚባል ነገር የተጫነበት ኮምፒውተር ተክሎ ሄደ። ሌሎቻችን ሥዕልና መስኮት ያለው ኮምፒውተር እስኪገዛልን ስንነጫነጭ ጋሽ ሙሉሰው ጥቁሩ ስክሪን ፊት ቁጭ አለና ወደደው። ስክሪኑ ላይ ከነጭ ፊደል በቀር ምንም የለም። ሜይል የሚለውን ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ ርእሱን ትሰጠዋለህ፣ የተቀባዩን አድራሻ ታስከትልና ኢንተር ትላለህ። ማሽኑ ጸጥ ይላል። የማያውቅ ሰው ተበላሸ ብሎ ይሸሻል፤ ማሽኑ ግን እየሰማህ ነው። የምትለውን ብለህ ስትጨርስ በባዶ መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ታስቀምጥና ኢንተር ትላለህ። አለቀ።

«ይኼ ጨዋ ማሽን ነው፣» ይለኝ ነበር። «ተናግረህ እስክትጨርስ አፍህ ውስጥ አይገባም። እንዳንተ አይደለም።»

መልእክቱ ታዲያ ነጥቧን ስታስቀምጥ ወዲያው አይበርም። የስልኩ መስመር አንድ ነው፤ ፋክሱም የሚጮኸው በሱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎቹ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወረፋ ይይዛሉ፤ ሞደም የሚባለው ሳጥን በቀን ሁለቴ ራሱ ይደውልና የሚሄደውን ልኮ የመጣውን ይቀበላል። አንዱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ ሁለተኛው አስራ አንድ ሰዓት ላይ። ሰባት ሰዓት የተመረጠው በምክንያት ነው። በዚያ ሰዓት ጫት ከተማ ይገባል፤ ጅቡቲ ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ጤነኛ ሰው አይገኝም።

የቢሮው ሥራ የጎማና የሲሚንቶ ደብዳቤ ነው። ግን የካርቲየ 2 ሰው ጋሽ ሙሉሰው ደብዳቤን በደቂቃ ዱባይ እንደሚያደርስ ከሰማ በኋላ ማን ይለቀዋል? ልጅ ዱባይ ያለው ሁሉ በምሳ ሰዓት ደጃችን ይቆማል። አለቃችን አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ ለምን ቢባል የሱም አክስት ከሚቆሙት አንዷ ነበሩ። አማርኛው የሚጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ማሽኑ የኛን ፊደል አያውቅም። ጋሽ ሙሉሰው የተነገረውን ይመታል እንጂ ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም። የቴሌክስ ሰው ነው።

ዱባይ ያሉት የሰፈሩ ልጆች ሰባት ነበሩ። ለበዓል ሰባት ጊዜ ከመጻፍ ብሎ የሁሉንም አድራሻ በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ አሰፈረና አንድ ስም ሰጣቸው፦ ዱባይ። ተቀባዩ ጋ «ዱባይ» ብሎ ከጻፈ ለሰባቱም ይደርሳል።

ከደንበኞቹ ሁሉ የማይቀሩት ልብስ ሰፊው አቶ ልደቱ ነበሩ። ልጃቸው ፅዮናዊት ዱባይ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። የሷ ሜይል ረቡዕ ይመጣል፤ አቶ ልደቱ ሐሙስ መጥተው መልሱን ያስጽፋሉ። ማስጻፍ ካሉት ነው። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ስለሆኑ ግማሹ ሰዓት በጭቅጭቅ ነው የሚያልፈው።

«ሰነፍ ብለህ ጻፍ።»

«ሰነፍ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«አሳየኝ።»

«አንተ የፈረንጅ ፊደል ታነባለህ?»

«ባላነብስ? ስድብ መልኩ ያስታውቃል።»

በፈረንጆቹ 2003፣ በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ንጋት ላይ አቶ ልደቱ አረፉ። ልባቸው ነው አሉ። ጋሽ ሙሉሰው ሲደርስ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አሰገደች እጁን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«ሙሉሰው፣ ልጄ በስልክ እንዳትሰማ።»

«አትሰማም እትዬ።»

«በዚያ በሆቴሉ ባንኮኒ ቆማ፣ ለፈረንጅ ቁልፍ እያቀበለች እንዳትሰማ። ብቻዋን እንዳትሰማ። ሰው ይንገራት፤ ይዘዋት ታልቅስ።»

«ዓርብ የረፍት ቀኗ ነው፤ ጠዋት ቤቷ ሄደው ይነግሯታል።»

«ማን ይሄዳል?»

«ሂንድ ትሰበስባቸዋለች።»

ሂንድ ከመንገዱ ማዶ ያለው የየመኑ ባለሱቅ ልጅ ናት፤ እሷም ያለችው ዱባይ ነው። ከፅዮናዊት ጋር አንድ ደጃፍ ላይ ስላደጉ እስላም ብትሆንም የኛን የመርዶ ሥርዓት ከእኛ በላይ ታውቃለች። እትዬ አሰገደች ስሟን ሲሰሙ እጁን ለቀቁት። ፅዮናዊት ወደ ቤት የምትደውለውም በዚያው ሱቅ ስልክ፣ ዓርብ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ስለሆነ ጊዜው ይበቃል ተባለ።

አምስት ሰዓት ላይ ጋሽ ሙሉሰው ቢሮ መጣ። እግዜር ያጽናህ አልኩት፤ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ቁጭ ብሎ እንዲህ ሲል መታ፦ «የፅዮናዊት አባት ዛሬ ንጋት አርፈዋል። እሷ አልሰማችም። ዓርብ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ሂንድ ቤት ተሰብሰቡ። አብራችሁ ሄዳችሁ ንገሯት። እስከዚያ ብታገኟት ፊታችሁን ጠብቁ።» ነጥብ። ኢንተር። ኮፍያውን አንስቶ ወደ ለቅሶው ተመለሰ። እኔም ከኋላው ተከተልኩ፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ እትዬ አሰገደች አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ላክህ?»

«ልኬያለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ይሄዳል።»

«ለእነማን ለእነማን?»

ጋሽ ሙሉሰው ጣቱን እያጠፈ ይቆጥርላቸው ጀመር። «ለሂንድ። ለወሰኑ። ለነቢል። ለየምስራች። ለሱሪያ። ለጎሳዬ…» ስድስት። ሰባተኛዋ ጣት ቀጥ ብላ ቀረች። አየኋት። እሱም አያት።

ተቀባዩ ጋ የጻፈው «ዱባይ» ነበር።

ለሰባት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው። እትዬ አሰገደችን «መጣሁ» አላቸውና ድንኳኑን እንደ ጨዋ ሰው በዝግታ ወጣ። ጥጉን ሲዞር ሩጫ ጀመረ። ጋሽ ሙሉሰው ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ እሱም ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠው መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ አይመስለኝም።

ቢሮው ለምሳ ተዘግቷል። ቁልፉ ያለው ሐዲጃ ጋ ነው። ሐዲጃ ጠዋት ጠዋት ቢሯችንን ታጸዳለች፤ ከቀትር በኋላ ካርቲየ 3 ጥግ ላይ ጫት ትሸጣለች። የቀረውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ የጨመርኩት ቢኖር ትንሽ ነው።

እርጥብ ጆንያዋን ዘርግታ ጫቱን ስትጠብቅ ደረሰባት።

«ሐዲጃ፣ ቁልፍ!»

«ሙሴ ሙሉ!» አለችው፤ በፈረንሳይኛው አቶ ማለቷ ነው። «አንተ ለቅሶ ላይ አይደለህም እንዴ?»

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«ቁልፉ ወገቤ ላይ ታስሯል፣ እኔ ደግሞ እዚህ ታስሬያለሁ። የጫቱ መኪና እየመጣ ነው፤ ጥሩምባው አይሰማህም?»

«አንዲት ልጅ አባቷ መሞቱን ከማሽን ልትሰማ ነው።»

«ከማሽን?» ሐዲጃ ቀና አለች። «ማን አጠገቧ አለ?»

«ማንም።»

«አዑዙ ቢላህ!» ብላ ተነሳች። ለጎረቤቷ ሻጭ በሶማሊኛ አንድ ነገር ጮኸችላት፣ ጆንያውን ወረወረችላት፣ ታክሲ አስቆመች። ይህን ለካርቲየ 3 ሰው ብትነግሩት አያምናችሁም። ሐዲጃ ከዚያ ጥግ በሰባት ሰዓት ተነስታ አታውቅም። አንድ ዓመት ጎርፍ መጥቶ ወንበሯን ሲወስድባት ቆማ ሸጣለች።

ባለታክሲው በመስተዋት አያቸው። «ሰው ሁሉ ወደ ጫት ሲሄድ እናንተ ከጫት ትሸሻላችሁ። ምን ሠርታችሁ ነው?»

«ንዳ አንተ!» አለችው። «ወሬውን ስንመለስ እነግርሃለሁ።»

ቢሮው ሲከፈት የግድግዳው ሰዓት ለሰባት አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ጋሽ ሙሉሰው ተቀመጠ። ስሙን ጻፈ፣ የምስጢር ቃሉን ጻፈ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ወረፋውን ጠየቀ። ማሽኑ ደብዳቤዎቹን በየተራ ደረደረለት፦ ሲሚንቶ፣ ጎማ፣ ስኳር፣ የዘገየ መርከብ፤ ከመርከቡ ቀጥሎ የአቶ ልደቱ መርዶ፣ ከሥሩ ሰባት አድራሻ። የፅዮናዊት ከሁሉም የመጨረሻው ነው። የደብዳቤውን ቁጥር አይቶ አንድ መስመር የመሰረዣ ትእዛዝ ጻፈ፤ እጁን ከኪቦርዱ አነሳና ቁጥሩን በጣቱ እየነካ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ኢንተር አለ። እንደገና ወረፋውን ጠየቀ። ከመርከቡ ቀጥሎ ምንም የለም።

«ወጣ?» አለች ሐዲጃ።

«ወጣ።»

ሐዲጃ ሞደሙን አየች፣ ከሞደሙ ግድግዳው ውስጥ የገባውን ሽቦ አየች። «ይኼን ሽቦ ብትነቅለው አይቀርም ነበር?»

ጋሽ ሙሉሰው ሽቦውን አየው። «ሃያ አራት ዓመት ሙሉ፣» አላት፣ «መስመር ነቅዬ አላውቅም።»

ሞደሙ በሰዓቱ ጮኸ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ሲሚንቶውንና ስኳሩን ይዞ ሄደ። ሲጨርስ ጋሽ ሙሉሰው ለስድስቱ አንድ በአንድ መጻፍ ጀመረ። ሐዲጃ ከጀርባው ቆማ ነጥቧን ከማስቀመጡ በፊት ታስቆመዋለች።

«ይኼ ለማን ነው?»

«ለነቢል።»

«ነቢል እሷ አይደለችም?»

«ነቢል ወንድ ነው፣ ሐዲጃ!»

«ጠየቅኩ እንጂ። ቅድምም አውቃለሁ ብለህ ነው።»

«ጫትሽ አይጠብቅሽም?»

«ጫቴ ሰው እጅ ከገባ ቆየ። ጻፍ።»

ስድስቱ በአስራ አንድ ሰዓት ሄዱ። ከዚያ በፊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀብሩ፣ ጋሽ ሙሉሰው ለካህኑ ዣንጥላ ያዘ፣ የአበባ ጉንጉን ተሸከመ፣ ወንበር ቆጠረ።

ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ የፅዮናዊት ሜይል መጣ። ሁላችንም ረስተነው ነበር፤ ረቡዕ መሆኑን ማን አሰበ? ጋሽ ሙሉሰው አትሞ አነበበልኝ። ደህና ናት። ከአንዲት ፊሊፒናዊት አሮጌ የስፌት መኪና ወስዳለች። መጋረጃ ልትሰፋበት ብትሞክር የታችኛው ክር እየተቋጠረ አስቸገራት። «አባዬ፣ ሳትሰድበኝ በፊት ምን ላድርግ ንገረኝ» ትላለች።

ሐሙስ መልስ ካላየች ትጠራጠራለች። ዓርብ ጠዋት ሳይደርስ አስር ሰው ጋ ትደውላለች፤ ከአስሩ አንዱ ይነግራታል። ጋሽ ሙሉሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደና ለእትዬ አሰገደች አነበበላቸው።

«በሱ ስም ጻፍላት፣» አሉት። «አራት ዓመት ሙሉ አፉ አንተ አልነበርክ?»

«እሱ ሲናገር ነው አፉ የሆንኩት፣ እትዬ።»

«አንድ ቀን ነው። ነገ ብቻ።»

ድንኳኑ ውስጥ ታምሩ ነበር፤ ከአቶ ልደቱ ጋር አንድ ሱቅ ተካፍሎ ሃያ ዓመት የሰፋ። ጋሽ ሙሉሰው የታችኛው ክር ሲቋጠር ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀው። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲሰሙ አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩት። አንዲት ሴትዮ «ሐዘኑ ነው፣ ምስኪን» ስትል ሰምቻለሁ። ታምሩ ግን ዓይኑን ጠርጎ በዝርዝር ነገረው።

ሐሙስ ጠዋት ጥቁሩ ስክሪን ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። እኔ ወረቀት የማገላብጥ መስዬ ከኋላው አየሁ። «ሰነፍ» ብሎ ጀመረና አጠፋው። እንደገና «ሰነፍ» አለ። አጠፋው። በመጨረሻ በማንም ስም ሳይሆን እንዲህ ጻፈ፦ «ደብዳቤሽ ደርሷል። የላይኛው ክር ስለላላ ነው የሚቋጠረው። መኪናው ላይ ያለውን የክር ማጥበቂያ ብሎን ወደ ቀኝ በትንሹ አጥብቂው፤ ክሩን አውጥተሽ እግሩን አንስተሽ እንደገና አስገቢው። በቁራጭ ጨርቅ ሞክሪ። ራስሽ ግን እንዴት ነሽ? ሙሉሰው።»

«በሱ ስም አልጻፍክም፣ ጋሼ፣» አልኩት።

«አልሆነልኝም፣» አለና ነጥቧን አስቀመጠ።

ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው። ግን ሐዲጃ ቁልፉን ይዛ መጣች፤ ጆንያውን ለእህቷ ጥላላት። እኔም መጣሁ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ቤቴ ድረስ እስኪመጣልኝ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ሦስታችን ሞደሙን ከበን ተቀመጥን። ሰባት ሰዓት ላይ ጮኸ። የሂንድ ሜይል ከአንድ የጎማ ደብዳቤ ቀጥሎ መጣ። ጋሽ ሙሉሰው አትሞ መጀመሪያ ለብቻው አነበበው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

«ምን አለች?» አለች ሐዲጃ።

«መጀመሪያ ለእናቷ።»

በታክሲ ስንሄድ ሐዲጃ ከኪሱ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔም እንደዚያው።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ጋሽ ሙሉሰው እትዬ አሰገደች ፊት ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ዘረጋና ቃል ሳይጨምር ቃል ሳይቀንስ አነበበ።

«ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስታችን ሄድን። ገና ሳናንኳኳ ከፈተችልን። ጥቁር ለብሳለች። ወለሉን ጠርጋ ምንጣፍ ዘርግታለች፤ ከጎረቤት ወንበር ተውሳለች፤ ውኃ ቀድታለች። ስድስታችንንም አየችና እዚያው በሩ ላይ ወደቀች። ያዝናት። ብዙ አለቀስን። በኋላ እንዴት አወቅሽ ስንላት ሐሙስ ባንኮኒው ላይ የጋሽ ሙሉሰውን ሜይል አነበብኩ አለች። አባቴ ሳይሰድበኝ ስለ ክር አይነግረኝም፤ ጋሽ ሙሉሰው ደግሞ እንዴት ነሽ ብሎኝ አያውቅም አለች። ታዲያ ለምን አልደወልሽልንም ስንላት፣ እናቴ ሰው እንዲነግረኝ እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ትመጣላችሁ ብዬ ጠበቅኋችሁ አለች። አሁን ተኝታለች። አጠገቧ ነን። ሂንድ።»

ጋሽ ሙሉሰው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «ባንኮኒው ላይ ነው ያወቀችው፣ እትዬ። የፈሩት ሆነ። ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ አሰገደች ወረቀቱን በጣታቸው ነኩ።

«ስታለቅስ ግን ይዘዋት ነበር?» አሉ።

«ይዘዋት ነበር።»

«ስድስቱም?»

«ስድስቱም።»

«ጥሩ ነው፣» አሉ። «አስር ሰዓት ላይ ስትደውል እኔ አነጋግራታለሁ።» ከዚያ ፊቱን ትክ ብለው አዩት። «አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ስትሮጥ ነው ያየሁህ። ለጓደኛህ መቼ አለቀስክ?»

ጋሽ ሙሉሰው ሊመልስ አፉን ከፈተ። አራት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንዲት ቃል አጣ። ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ፣ ከዚያ ድምፁ ወጣ፤ መንገዱ ማዶ ሱቁ ድረስ የተሰማ ትልቅ ድምፅ። ታምሩ በግራ ያዘው። በቀኝ ሐዲጃ ያዘችው፤ እሷ አጥብቃ ነው የያዘችው፣ እንዳይወድቅ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ወረቀቱን አንስቼ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩና እኔም እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ።